አስማት የማያውቅ አቀባይ

«ጉልበት፦ ስምንት። ብልሃት፦ ሦስት።»

ሴትዮዋ ወረቀቱን በጣቷ እየተከተለች ሁለት ጊዜ አነበበችው። ንባብ ላይ ፈጣን አይደለችም፤ ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ነው የተወችው። ቁጥር ግን አይጠፋባትም። ሦስት ሦስት ነው። ከቁጥሩ ጎን ልጇ በእርሳስ የሣለቻት ሴት ባልዲ ተሸክማ፣ ሰይፍ ከያዘ ጎረምሳ ኋላ ቆማለች። ሻሿን ያሰረችው በግራ ጆሮዋ በኩል ነው። በዚያ ቤት ደግሞ ሻሽ በግራ ጆሮ በኩል የሚያስር አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።

ወረቀቱን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ልጅቷ ከሥራ ስትገባ መጀመሪያ እንድታየው ብላ የሻይ ብርጭቆ ጫነችበት።

ሃያ ዓመት ሙሉ ለአንድ ግንበኛ ስታቀብል የኖረች ሴት ናት። እሱ ይገነባል፣ እሷ ታቀብላለች፤ ብሎኬት፣ የተቦካ ሲሚንቶ፣ ውኃ፣ ግድግዳ ማቅኛ ቱንቢ። ከአራት ወር በፊት መወጣጫው ላይ የነበረ ጣውላ ከእግሯ ሥር ዞረና ይዟት ወረደ፤ ጉልበቷ ተጎዳ። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ደረጃ የሚባል ነገር እርሺ» አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እግሯን ዱካ ላይ ሰቅላ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ መንገደኛ ስታይ ትውላለች።

ልጅቷ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምትሠራው። አመሻሽ ላይ ገባች፣ ቦርሳዋን ጣለች፣ ጠረጴዛውን አየች።

«እማዬ፣ ይሄን ወረቀት ማን ነካው?»

«የሥዕሏ ባለቤት።»

ልጅቷ ገባት። ጫማዋን ሳታወልቅ ቁጭ አለች። «አንቺ አይደለሽም እኮ። የጨዋታ ሰው ናት።»

«ሻሿስ?»

«ሻሹ ዝም ብሎ መጣልኝ።»

«ሦስቱም ዝም ብሎ ነው የመጣልሽ?»

«ሦስት ትንሽ አይደለም። ሰይፈኛው ራሱ አራት ነው ያለው።»

«አስማተኛዋስ?»

ልጅቷ የጫማዋን ማሰሪያ መፍታት ጀመረች።

«ንገሪኛ።»

«ዘጠኝ።»

«በጣቷ እሳት ስለለኮሰች ዘጠኝ። እኔ ሃያ ዓመት አንድ ሰውዬ የሚፈልገውን ሳይናገር ሳውቅለት ኖሬ ሦስት። ደግ። እራትሽ ምድጃው ላይ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቷና ሁለት ጓደኞቿ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ከሰዓት እዚያችው ቤት እየተሰበሰቡ አንድ ጨዋታ ሠርተዋል። ጠረጴዛ ላይ በወረቀትና በባለ ሃያ ገጽ ዳይስ የሚጫወቱት፣ ግማሹ ወሬ የሆነ ጨዋታ ነው። አንዱ ተራኪ ይሆንና «ዋሻ ገባችሁ፣ ከፊታችሁ ዘንዶ ተኝቷል፣ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። የቀሩት እያንዳንዳቸው ሙያ ያለው ጀግና ይሆኑና በየተራቸው የሚያደርጉትን ይናገራሉ፤ መሳካት አለመሳካቱን ዳይሱ ይፈርዳል። ተራኪዋ ልጅቷ ናት። ሰይፈኛው ሬዲዮና ስልክ የሚጠግነው ጓደኛዋ ነው፤ በቁመቱ የተነሳ ስሙን የሚጠራው የለም፣ ረጅሙ ነው የሚሉት። አስማተኛዋ ፋርማሲ የምትሠራው ናት፤ እሷን ደግሞ መነጽሯ ይሏታል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ባለካፌዋ ትመጣለች። ይቺ ሴት ሰው ሻይ እየጠጣ የጠረጴዛ ጨዋታ የሚጫወትበት ቤት አላት፤ የጣማትን ጨዋታ ታሳትማለች። የልጅቷን አንድ ጊዜ አይታ ወዳዋለች፤ ግን አንድ ነገር አዛለች። «አንድ አስማት የማያውቅ፣ ሌሎቹን የሚያግዝ ሰው ጨምሪበት። ሁሉም እሳት ከተፋ እሳቱ ምን ይገርማል? ብቻ ዘግይቶ ለመጣ ሰው የሚሰጥ ትርፍ ወረቀት እንዳይሆን። እንደዛ ከሆነ እዚያው አወጣዋለሁ።»

ልጅቷ ረዳቱን ስድስት ጊዜ ሠራችው። ፋሻና መድኃኒት ብትሰጠው መነጽሯ «ይሄማ የእኔ ፈውስ ነው፣ ስሙን ነው የቀየርሽው» አለች። በዘፈን ያበርታቸው ብትል ዘፈኑ ራሱ አስማት ሆኖ አረፈው። በመጨረሻ «በሌላው ሰው ዳይስ ላይ አንድ ይጨምራል» ብላ ጻፈች። ረጅሙ አንድ ቅዳሜ ሞከረውና «አንድ ስጨምር ዋልኩ። የታክሲ ረዳት እንኳን ቢያንስ ይጮሃል» አለ።

«ተዉት፣ ላውጣው» አለች ልጅቷ በቀጣዩ ቅዳሜ፣ ጓደኞቿ ሳይቀመጡ። «አስማት የሌለው ሰው ለጨዋታ አይሆንም።»

እናት ከመስኮቱ ሥር ይሄን ሰማች። ብልሃት ሦስት መባሏን ችላው ነበር። መባረሩን ግን አልቻለችውም።

እግሯን ከዱካው አወረደችና ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ጎተተች።

«እኔ እጫወታታለሁ።»

«ማንን?»

«ባለ ሦስቷን። ዕቃዋ የታለ?»

«ወረቀቱ ላይ ተጽፏል እማዬ። ገመድ፣ ጋሻ፣ ፋኖስ...»

«የተጻፈ ዕቃ እጅ ላይ አይያዝም። ቆራርጪልኝ።»

ከእሷ ጋር መከራከር ከግድግዳ ጋር መከራከር እንደሆነ ልጅቷ ታውቃለች። ወፍራም ወረቀት አውጥታ ቆራረጠች፤ በእያንዳንዱ ላይ ገመድ፣ ጋሻ፣ ፋኖስ፣ ውኃ፣ መሰላል፣ ፋሻ ብላ ጻፈች። እናት ካርዶቹን ጉልበቷ ላይ ደረደረች። ጨዋታው ተጀመረ።

የጨዋታው ሕግ ሰው በተራው ብቻ ይናገር፣ በተራው ብቻ ይሥራ ይላል። ረጅሙ ገና «እኔ እንግዲህ...» ብሎ አፉን ሲከፍት ገመድ የተጻፈበት ካርድ መዳፉ ውስጥ ነበር።

«ማዘር፣ ተራሽ አልደረሰም።»

«ተራዬን ብጠብቅ ሲሚንቶው ይደርቃል።»

«እዚህ ሲሚንቶ የለም። ደግሞ ገመድ ምን ያደርግልኛል? ዘንዶውን ልመታው ነው እኮ።»

«ገደሉን ልትወርድ መስሎኝ።»

ቀጠሉ። ሊሸሽ ሲል ጋሻ ሰጠችው፣ ሲቆስል መሰላል። መነጽሯ ባሕር ልትሻገር ስትል ውኃ አቀበለቻት፤ «እማማ፣ ውኃ እንኳን እዚህ ሞልቷል፣ አይቸገሩ» አለቻት። ከዐሥር አንድ እንኳን አልያዘችም። ረጅሙ «ዘንዶው ሲመጣ ፋኖስ የሰጠሽኝ ደህና አድርጎ እንዲያየኝ ነው?» ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች። ውስጧ ግን አልሳቀም። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ካርዶቹን ሰበሰበች። እውነትም ሦስት ብሆንስ? አለች በሆዷ። ለሃያ ዓመት ብልሃት ያልኩት ልምድ ብቻ ቢሆንስ?

እሑድ ጠዋት ልጅቷ ልብስ ስታሰጣ፣ እናት ስልኳን አንስታ ግንበኛው ጋ ደወለች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ውኃ ስትፈልግ በምን ነበር የማውቀው?»

«ምን?»

«ውኃ። ሲሚንቶው ሲከብድብህ ሳትጠይቀኝ አመጣልህ አልነበር? በምን አወቅሁ?»

«እኔ እንጃ። አንቺ አይደለሽ የምታውቂው። እኔ እጄን ወደ ኋላ እዘረጋለሁ፣ ነገሩ እዚያ አለ።»

«አዲሷ አቀባይስ?»

«ጎበዝ ናት፣ አትከፋም። ጉሮሮዬ ግን አለቀ። ቀኑን ሙሉ ውኃ በይ፣ ብሎኬት በይ፣ ቱንቢ በይ። ከአንቺ ጋር ስሠራ ድምፅ እንዳለኝ ማን ያውቅ ነበር።»

እናት ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዞረች።

«መጀመሪያ ሰሞን ትዝ ይልሻል?» አለ ግንበኛው።

«ምኑ?»

«ቱንቢ ስፈልግ ብሎኬት እግሬ ላይ የጣልሽው። አንድ ወር ሙሉ የፈለግሁትን አንድም ቀን አላመጣሽም። ላባርርሽ ሦስት ጊዜ አስቤያለሁ።»

«ምነው ሳትነግረኝ?»

«ልነግርሽ ስል አንድ ቀን ባልዲውን ማየት ተውሽና እኔን ማየት ጀመርሽ። ከዚያ ወዲያ የሚነገርሽ ነገር አልነበረም።»

ይሄንን ረስታው ኖራለች። ሰው ያወቀውን ነገር ያላወቀበት ጊዜ የነበረ አይመስለውም። ስልኩን ዘግታ ልጇን ጠራቻት። ልጅቷ እርጥብ ፎጣ በእጇ እንደያዘች መጣች።

«ያንን ሦስት አጥፊው።»

«እሺ፣ ስምንት ላድርገው?»

«ለእኔ ብለሽ ከሆነ አልፈልግም። ዜሮ አድርጊው።»

ልጅቷ ፎጣውን እንደያዘች ቀረብ አለች። በዚያ ሦስት የተነሳ ሳምንቱን ሙሉ ያኮረፈቻት እናቷ አሁን ዜሮ እየለመነች ነው።

«ስሚኝ» አለች እናት። «አቀባይ መጀመሪያ ምንም አታውቅም። ለሁሉም ልስጥ ካለች ደግሞ ለማንም አትሰጥም፤ ትናንት አይተሽኛል። አንድ ሰው ትምረጥ። ያን ሰው ብቻ ትመልከት። የሚፈልገውን ሳይናገር ካቀበለችው አንድ ጨምሪላት። ደግማ ካወቀችበት ሌላ አንድ።»

«ብልሃቷ በጨዋታው ውስጥ ያድጋል ማለት ነው» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። ፎጣውን ወንበር ላይ ጣለችው። «ቆይ፣ ቆይ። ግን ካርዱን ካየው እኮ ካርዱን ተከትሎ ነው የሚወስነው። ተገልብጦ ይቀመጥ። እሱ ያሰበውን ከተናገረ በኋላ ይገለጥ።»

«እሱስ እውነት ነው። ግንበኛ መቼ ዞሮ ያይሻል።»

«ትክክል ከሆነች ዕቃው በእጁ አለ፣ ተራ አያቃጥልም። ከተሳሳተች ዕቃው መሬት ወድቆ ይቀራል። ሰው ከቀየረችስ?»

«ወደ ዜሮ። እኔ አሁን ሌላ ግንበኛ ጋ ብሄድ ዜሮ ነኝ።»

ልጅቷ ብዕር ፈልጋ በዳቦ ከረጢት ጀርባ መጻፍ ጀመረች። ስትጽፍ ምላሷን በጥርሷ ትይዛለች፤ እናት ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምታውቀው ነገር ነው። ከሙያው ስም ላይ ረዳት የሚለውን ሰርዛ አቀባይ አለችው። ከዚያ ብዕሩን አቆመች።

«እማዬ፣ ሦስት ያልኩት ንቄሽ አይደለም። ሥራ ላይ አይቼሽ አላውቅም እኮ። እኔ የማይሽ ማታ ስትገቢ ነው። ደክሞሽ፣ ሳትናገሪ። ቁጭ ብለሽ ግድግዳ ስታዪ። ያቺን ነው የሣልኳት።»

«ቀኑን ሙሉ ሰው ሳነብ ውዬ ማታ ምን ምላስ ይተርፈኛል» አለች እናት። ድምፅዋ እንደ ልማዷ ደረቅ ነበር፤ እጇ ግን ከልጅቷ ትከሻ ላይ የሌለ ክር ስትለቅም ቆየች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ረጅሙን መረጠች። የመጀመሪያውን ሰዓት ምንም አላወራችም፤ አየችው ብቻ። ሊመታ ሲያስብ ወንበሩን ወደ ኋላ ይገፋል። ሊሸሽ ሲያስብ ጆሮውን ይነካል። አንድ ነገር ላይ ሊወጣ ሲፈልግ ደግሞ ዓይኑ ቀድሞ ጣራ ላይ ይወጣል። ሊመሽ ሲል ሰባት ካርድ በተከታታይ ተገልጦ ሰባቱም ልክ ሆነ።

«ማዘር፣ ይሄ ነገር ያስፈራል። እኔ እንኳን ገና አላሰብኩትም ነበር።»

«ጆሮህ አስቦታል።»

ረጅሙ የቀረውን ጨዋታ ጆሮውን በሻርፕ ሸፍኖ ተጫወተ። ምንም አልጠቀመውም።

ባለካፌዋ በተባለው እሑድ፣ ምሳ እንደበሉ፣ ሁለት ደንበኞቿን አስከትላ መጣች፤ አንድ ግዙፍ የጭነት መኪና ሾፌርና አንዲት የሒሳብ አስተማሪ። ጨዋታውን አይተውት አያውቁም። ልጅቷ ሦስቱን ወረቀቶች ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች። እናት መስኮቷ ሥር ተመልሳ ተቀምጣለች፤ ልጅቷ «እንዳትናገሪ፣ በሞቴ» ብላታለች። ረጅሙና መነጽሯ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል።

ሾፌሩ ገና ሳይቀመጥ ሰይፈኛውን አነሳ። አስተማሪዋ አስማተኛዋን ወደ ራሷ ሳበች። አቀባይ ጠረጴዛው ላይ ብቻዋን ቀረች።

ባለካፌዋ ወረቀቱን አየች፣ ልጅቷን አየች። «ዘግይቶ ለመጣ ሰው እንዳይሆን አላልኩም?» አለችና ራሷ አነሳችው። «እስቲ ደግሞ እኔ ልሁን።»

የልጅቷ ጆሮ ቀላ። ቢሆንም መተረክ ጀመረች።

ባለካፌዋ ሾፌሩን መረጠች። የመጀመሪያው ካርድ ሲገለጥ ፋኖስ ሆነ፤ ሾፌሩ በር ሊሰብር ነበር። ሁለተኛው ገመድ፤ እሱ ግን ቁስሉን ሊያስር ነበር። ሦስተኛው፣ አራተኛው እንደዚያው። ዕቃው ሁሉ መሬት ወደቀ። ባለካፌዋ ካርዶቿን አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እየደረደረች ታስባለች፤ ሾፌሩን ቀና ብላ አላየችውም። አስተማሪዋ አዛጋች።

እናት ወንበሯ ላይ ወደፊት ተጠግታለች። ሰውዬው ፊት ለፊቷ አለ፤ ጉንጩን በነፋ ቁጥር ሊገፋ፣ መዳፉን ሱሪው ላይ በጠረገ ቁጥር ሊወጣ እንደሚፈልግ ከመስኮቱ ሥር ሆና እንኳን ታነበዋለች። አንዲት ቃል ብትናገር ይበቃ ነበር። ሃያ ዓመት አፏን ዘግታ ስትሠራ እንዲህ ከብዷት አያውቅም። የራሷን ሻሽ ጫፍ ነክሳ ያዘች።

ልጅቷም ታውቃለች። ትረካዋን ሳታቋርጥ አንዴ ወደ እናቷ ዞረች፤ አትንገሪያት ብላ ሳይሆን ተስፋ ቆርጣ።

በዚህ መሀል ሾፌሩ አንገቱን ወዲያና ወዲህ ማለት ጀመረ። ባለካፌዋ ካርዶቿን እንደያዘች፣ ራሷ ሳታውቀው፣ «ሻይ ልጨምርልህ?» አለችው።

«በምን አወቅሽ? አሁን ልጠይቅ ነበር።»

«ሻይህ ሲያልቅ አንገትህን ታዞራለህ። ስንት ዓመት ነው የማስተናግድህ» አለችና፣ ቃሉ አፏ ውስጥ እንዳለ ቆመች። ካርዶቹን ጠረጴዛው ላይ አኖረቻቸው። ወንበሯን አዙራ ሰውዬውን ደንበኛ በምታይበት ዓይን አየችው።

ሾፌሩ ጉንጩን ነፋ። ባለካፌዋ አንዲት ካርድ ገልብጣ አጠገቡ አስቀመጠች።

«ድንጋዩን ገፍቼ እገባለሁ፣ የመጣው ይምጣ» አለ ሾፌሩ። ካርዱ ሲገለጥ ጋሻ ነበር። ከዋሻው የተወረወረውን ቀስት ጋሻው ያዘለት። ባለካፌዋ ባዶ የብልሃት ሳጥኗ ውስጥ አንድ ብላ ጻፈች። ቀጥላ ሁለት። ቀጥላ ሦስት። ሾፌሩ በአምስተኛው ላይ ካርዱ መኖሩን እንኳን ማየት ትቶ እጁን ወደ ጎን እየዘረጋ ይናገር ነበር። ዘንዶው በሰይፍ ወደቀ፤ ሰይፈኛው ግን የሚያቅፈው ሰው ሲፈልግ ወደ ባለካፌዋ ዞረ።

ጨዋታው ሲያልቅ ባለካፌዋ ወረቀቷን ደጋግማ አየችው።

«ልዋሽሽ አልፈልግም» አለቻት ልጅቷን። «ይሄን ወረቀት ሰው ቀድሞ አያነሳውም። እኔ ራሴ አላነሳሁትም።»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

«እሷ ከሌለች ግን እኔ ሁለተኛ ዋሻ አልገባም» አለ ሾፌሩ። «ቁርጡን ልንገራችሁ።»

«ልጨርስ» አለች ባለካፌዋ። «አንድ ጊዜ የያዘው ሰው ግን አይለቀውም። አሁን ለዚህች አስተማሪ ስጪ ብትይኝ አልሰጥም። ከጨዋታው አይወጣም። አንድ የጎደለው ነገር አለ፤ አቀባይ እንዴት እንደምትሠራ ሁለት ገጽ ጻፊልኝ። እኔ አራት ጊዜ የተሳሳትኩት የሚነግረኝ ስላጣሁ ነው። ለመሆኑ ከየት አመጣሽው?»

«ከእናቴ» አለች ልጅቷ፣ በእጇ ወደ መስኮቱ እያሳየች። «ሙያዋ ነው።»

ባለካፌዋ ስትወጣ እናትን እጅ ነሳቻት። ሾፌሩም ተከትሎ እጅ ነሳ። እናት «ደህና ዋሉ» አለቻቸው፤ የነከሰችው የሻሿ ጫፍ ረጥቧል።

ሁሉም ሄደው ቤቱ ጭር ሲል ልጅቷ ባዶ ደብተር አውጥታ ከእናቷ ፊት ተቀመጠች።

«በይ ንገሪኝ፣ ልጻፍ። መጀመሪያ ምን ታደርጋለች?»

«ጻፊ። መጀመሪያ ቀን ሥራ ስገባ...»

«ስለ አቀባይ ነው እኮ የምጠይቅሽ።»

«እኔስ ስለ ማን እያወራሁ ነው? ጻፊ። መጀመሪያ ቀን ሥራ ስገባ አንቺን ለጎረቤት ትቼሽ ነበር። ሁለት ዓመትሽ ነው። ግንበኛው ስሜን እንኳን አልጠየቀኝም፤ ባልዲ ነው የሰጠኝ። ባልዲው እንቁላል የምታህል ቀዳዳ ነበረው። ቀዳዳውን በመዳፌ ይዤ ሦስት ፎቅ ወጣሁ። ከላይ ስደርስ ግማሹ ሲሚንቶ ቀሚሴ ላይ ነው። ያ ሰውዬ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?...»

እናት ቀና ብላ አየቻት። ብዕሩ ከወረቀቱ ላይ ተነስቷል።

«ምነው፣ አትጽፊም?»

«እጽፋለሁ» አለች ልጅቷ። ደብተሩን ዘጋችው፣ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ ተከለች። «አሁን ግን ልስማሽ። ምን አለሽ?»